የአይነኬ ልጅ

እማማ ዘነበችን ያንገበገባቸው የአበባው ሳቅ አልነበረም። ሰው ሲስቅባቸው አዲስ አይደለም፤ እሳቸውም በሰው ሲስቁ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ያንገበገባቸው «ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል» መባላቸው ነው። ያውም በመርሳ የገበያ ቀን፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በአበባው የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ተሰብስበው በሚያወጉበት፣ ሁሉም ጆሮውን አቁሞ እየሰማ።

ዓይናቸው ሊደክም! መርፌያቸው ላይ ክር የሚያስገቡት ራሳቸው ናቸው። ጓሯቸው ካለው ማንጎ ሥር ቁጭ ብለው በማዶ የሚያልፈውን ሰው በአረማመዱ ብቻ የማን ልጅ እንደሆነ ይለያሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ይህን ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ይናገራሉ፣ አያፍሩበትም። ግን ሁለት ውሾች በጠራራ ፀሐይ የሠሩትን ለማወቅ ፊደል መቁጠር ምን ያደርጋል?

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። አበባው ሮዛ የምትባል የጀርመን ዘር ውሻ አለችው። ከአዲስ አበባ በካርቶን አስመጥቶ፣ ለሰው ልጅ ያልበቃ ወተት እያጠጣ ነው ያሳደጋት። ጀርባዋ ጥቁር፣ ጆሮዋ ቀጥ ያለ፣ ቆንጆ ናት፤ ይህን እማማ ዘነበችም አይክዱም። ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ሲደርስ አበባው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ኮምቦልቻ ድረስ ወሰዳትና፣ ማክስ ከሚባል እንደ እሷው ካለ የጀርመን ውሻ አስጠቅቶ መለሳት። እንደ ተመለሰ በር ዘግቶ ማቆየት ነበረበት። አልዘጋም። ጉዳዬን ጨርሻለሁ ብሎ ሱቁ ገባ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሮዛ አጥር ዘልላ እማማ ዘነበች ጓሮ ተገኘች። እዚያ ደግሞ አይነኬ ነበር።

አይነኬ የእማማ ዘነበች ውሻ ነው። የአገር ውሻ ነው፤ በካርቶን ማንም አላመጣውም፣ በወተትም ማንም አላሳደገው። ጥቁር ጀርባ፣ ሰፊ ደረት፣ እንደ በርበሬ የሚቆጣ አፍ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጅብ ፍየሎቻቸውን፣ ጦጣ ማንጎአቸውን ያልደፈረው በእሱ ነው። ስሙን ሙሉውን የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሌላው ሰው ጠርቶ እስኪጨርስ ቆሞ አይጠብቅም፣ ይሸሻል።

ከሮዛ ጋር ከተገናኘ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን አንድ ሲኖትራክ ዋናው መንገድ ላይ ገጨው። እማማ ዘነበች በጋሪ አስመጥተው ማንጎው ሥር ቀበሩት። ለውሻ አለቀሱ እንዳይባል ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ጠምጥመው ነው ያስቆፈሩት። ከዚያ ወዲህ ጦጣዎቹ ማንጎውን እንደ አባት ርስት ተካፈሉት፤ ጅብም አንዲት ፍየል ወሰደባቸው። ጎረቤት ሁሉ «ቡችላ እንስጥዎ» አላቸው። ከሲሪንቃ እንኳ አንድ ዘመድ ይዞላቸው መጥቶ ነበር፤ መለሱት። የአይነኬ ልጅ ካልሆነ ሌላ ውሻ ደጃፌን አይረግጥም አሉ። አይነኬ ደግሞ ሌላ ልጅ ነበረው ሲባል ሰምተው አያውቁም። ካለው ሮዛ ሆድ ውስጥ ነው።

ሮዛ ስድስት ወለደች። በእነሱ ሰፈር አንድ ደንብ አለ፤ የወንዱ ውሻ ባለቤት ከሚወለዱት አንዱን ይወስዳል። አበባው ራሱ ለኮምቦልቻው ሰውዬ አንድ ወንድ ቡችላ መድቧል። እንግዲህ እማማ ዘነበች በዚያ በገበያ ቀን ሱቁ የሄዱት ድርሻቸውን ሊጠይቁ ነው።

«አበባው፣ የአይነኬን ልጅ ልወስድ መጥቻለሁ» አሉ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ።

«የማንን ልጅ እማማ?»

«የአይነኬን። ሮዛ የወለደችውን።»

አበባው የያዘውን የባጃጅ ጎማ አስቀምጦ ሳቀ። ወገቡን ይዞ ሳቀ። «ኧረ እማማ! እኔ እኮ ኮምቦልቻ ድረስ ወስጄ ነው ያስጠቃኋት።»

«ወሰድካት፣ መለስካት። መልሰህ ደግሞ በሩን አልዘጋህም። አጥር ዘልላ እኔ ጓሮ መጣች። ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።»

«ሌላ ውሻ ይሆናላ። ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል።»

ከባጃጅ ሾፌሮቹ መካከል ናስር የሚባለው ነገር ማሞቅ የሚወድ ነው። «እማማ፣ ለመሆኑ ምስክር አለዎት?» አላቸው።

«ምስክር?» አሉ ዞር ብለው። «አንተ ስትፀነስ ምስክር ቆሞ ነበር?»

ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሳቁ። ናስር ራሱን በእጁ ሸፍኖ ባጃጁ ውስጥ ገባ። አበባው ግን አልለቀቀም።

«ይሁን፣ መጣች እንበል። አንዴ ከያዘች ወዲያ ያዘች ነው እማማ። ከአንዱ የያዘች ውሻ ከሌላ አትይዝም። ይሄ ሳይንስ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«የታወቀ ነው።»

«የታወቀ ነው! አንተ ብሎን ስትቆጥር የዋልክ ሰው! እኔ ከአንድ ሆድ ነጭ፣ ቡላና ዥጉርጉር ቡችላ ሲወጣ እያየሁ ነው ያረጀሁት።»

«እማማ፣ በቃ ዕረፉ። አንድ ሌላ ቡችላ ፈልጌ አመጣልዎታለሁ።»

«ሌላማ ቢሆን አንተ ጋ ምን አመጣኝ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። እስከ ቤታቸው ድረስ የመለሱለትንና ሊመልሱለት ሲገባ የረሱትን እየደጋገሙ፣ ለራሳቸው ጮክ ብለው እያወሩ ነው የገቡት።

እንደ ገቡ ከሙዳያቸው አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጡ። ከዓመት በፊት ህሊና የምትባል አንዲት ልጅ ከወልድያ መጥታ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስለ አገር ውሾች ዘር አጠናለሁ ብላ መርሳን፣ ሲሪንቃን፣ ሐራን በየቤቱ እየዞረች የውሻ ምራቅ ሰበሰበች። አይነኬን ስታይ ከአጥሩ ውጭ ቀረች። እማማ ዘነበች ናቸው አፉን በእጃቸው ከፍተው፣ ጫፉ ጥጥ የሆነውን እንጨት ጉንጩ ውስጥ ያሹላት። ከዚያም ፈቅደዋል ለማለት ወረቀት ላይ አሻራቸውን አስደረገቻቸው። «ለውሻ ምራቅ አሻራ!» እያሉ ለአንድ ወር ሰው ሲያስቁበት ነበር። ልጅቱ ስትሄድ ስልክ ቁጥሯን በዚህች ወረቀት ጽፋ ትታላቸው ነበር።

ወረቀቷን ይዘው አበባው ቤት ሄዱ፤ ቁጥሩን የደወለችላቸው ሚስቱ ውባለም ናት። ውባለም እማማ ዘነበችን እንደ እናቷ ነው የምታየው፤ ባሏ ሲረታ ማየትም ትንሽ ሳትወድ አትቀርም።

«ህሊናዬ፣ ዘነበች ነኝ። የአይነኬ እናት።»

«እማማ! አይነኬ ደኅና ነው?»

«ሞተ።»

ልጅቱ ከልቧ አዘነች። እማማ ዘነበችም ነገሩን ሁሉ ዘርግፈው ነገሯት። ህሊናም ከወዲያኛው ጫፍ እንዲህ አለች፦ «እማማ፣ የአይነኬ ምራቅ እኮ አለ። ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ አልተበላሸም።»

እማማ ዘነበች የውባለም መደብ ላይ ቁጭ አሉ። ሬሳውን ማንጎ ሥር ቀብረው፣ ምራቁ ወልድያ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል!

«ታዲያ በምራቁ ልጁ ይታወቃል?»

«ይታወቃል። ቡችላ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ነው የሚያገኘው። እናቱ ላይ የሌለ ነገር ቡችላው ላይ ከተገኘ ከአባቱ መጣ ማለት ነው። ከማክስም ኮምቦልቻ ወርጄ እወስዳለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ልኬ ማመሳከር ነው።»

«ይሄን ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?»

«ለማሳየት ነው እማማ። ማወቁንማ እርስዎም ያውቁታል።»

መልሷን ወደዱላት። «እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ በአንድ ሆድ የሁለት አባት ልጅ ይሆናል?»

«በውሻ? በደንብ ይሆናል።»

«ይሄን ለአበባው ድገሚለት። ሳይንስ ነው ብሎኛል።»

አበባው እንቢ ይላል ብለው ጠብቀው ነበር። አላለም። ወልድያ ያለ አንድ ባለሆቴል ከቡችሎቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አዝዞታል፤ ግን ንጹሕ ዘር ለመሆናቸው ወረቀት ካልመጣ አልቀበልም ብሏል። ወረቀቱ በነፃ ደጁ ድረስ ሲመጣለት ምን ቆርጦት እንቢ ይላል? «ይመርመር! እማማም ያርፋሉ፣ እኔም አርፋለሁ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ህሊና የመጣችው በሚካኤል ዕለት ነው። እማማ ዘነበች ቅዳሴ ነበሩ፣ ከቅዳሴም ማኅበር ሄዱ። እሷ ቡችሎቹን አፋቸው ውስጥ ወተት እንዳይኖር ከእናታቸው አንድ ሰዓት ለይታ፣ የእያንዳንዱን ጉንጭ በጥጥ አሽታ፣ የሮዛንም ጨምራ፣ በጊዜ ወደ ወልድያ ተመለሰች። እማማ ዘነበች ከማኅበር ሲመለሱ ቡችሎቹን ለማየት አበባው ግቢ ጎራ አሉ። ባልየው ሱቅ ነው፣ ውባለም ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ሮዛ ታውቃቸዋለች፤ ጅራቷን ቆላች።

ስድስቱ ቡችሎች አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ተደራርበው ተኝተዋል። ሁሉም ጥቁር ጀርባ፣ ሁሉም ቡላ እግር፣ እንደ አንድ ማሰሮ ሽምብራ አይለዩም። አንደኛው ወንድ ብቻ በግዝፈቱ ይታወቃል። እማማ ዘነበች የአይነኬ ልጅ እሱ እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ቆርጠዋል። ከማኅበር በቅጠል ጠቅልለው ያመጡትን ቁራጭ ሥጋ አፉ ውስጥ ሲያደርጉለት ኧርርር አለባቸው። «ቁርጥ አባቱን!» አሉ ደስ ብሏቸው።

ይሄኔ ነው አንገቱን ያዩት።

አንገቱ ላይ ጥቁር ክር ታስሯል። የሌላኛውን ገልጠው አዩ፤ ሰማያዊ። የሌላኛዋን፤ ነጭ። ስድስቱም አንገት ላይ አለ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ።

«በስመ አብ!» አሉ፣ እያማተቡ።

ማተብ! በውሻ አንገት! ያውም በሚካኤል ዕለት! እሳቸው ካህን ባርኮ በክርስትናቸው ቀን ካሰረላቸው ጀምሮ አንድ ቀን ካንገታቸው ያላወጡትን! ይሄ ብሎን ሻጭ ወተት ማጠጣቱ ሳያንስ ጭራሽ ክርስትና አንሥቷቸዋል? ከውባለም ጓዳ ቢላ አመጡ። አንድ በአንድ፣ ቆዳቸውን ሳይነኩ፣ ስድስቱንም ክር ቆረጡና ምድጃው ፍም ላይ ጣሉት። «እናንተ ምን ታደርጉ፣ ጥጋቡ የጌታችሁ ነው» አሉ ለቡችሎቹ። ባልና ሚስት በዓመት በዓል እንዳይጣሉ ብለውም ለማንም አልተናገሩም። እንዲያውም ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብለው በራሳቸው ኮርተው ገቡ።

በሳምንቱ ውባለም እሳቸው ቤት መጥታ አብረው ምስር ሲለቅሙ ጨዋታ አነሣች።

«እማማ፣ እኔስ ጉድ ሆኛለሁ። ልጅቱ ያሰረችውን ክር ቡችሎቹ እርስ በርስ ተናክሰው በልተውታል። ውጤቱ እስኪመጣ እንዳይወልቅ ብላ አደራ ብላኝ ነበር።»

የእማማ ዘነበች እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። «የትኛዋ ልጅ?»

«ህሊና ናታ! መልካቸው አንድ ሆኖባት ምራቃቸውን በክሩ ቀለም ነው የጻፈችው። የቀዩ፣ የቢጫው፣ የነጩ እያለች።»

ልንገራት አሉ፤ ቃሉ ጥርሳቸው ድረስ መጣ። ታዲያ ምን ብለው? ዓይኔ አይሳሳትም ሲሉ የከረሙ ሴትዮ፣ የምልክት ክር ማተብ መሰለኝ ይበሉ? አበባው ይህን ቢሰማ እስከ ፋሲካ ይስቅበታል። ናስር በባጃጁ እየዞረ እስከ ሐራ ያዳርሰዋል።

«ቡችላ ምን የማይበላው አለ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ስትመጣ እነግራታለሁ። መቼም ሌላ ምልክት ሳትይዝ አትቀርም።»

«አትቀርም» አሉ እማማ ዘነበች። ያን ቀን ምሳ አልዋጥ አላቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም ሁለት ጊዜ ሊነግሯት ተነሥተው ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሱ። አንዱን ጊዜ ፀሐዩ ከረረ አሉ፤ ሌላውን ጊዜ ምን እንዳሉ እሳቸውም አያውቁት።

ውጤቱ የመጣው በሦስት ሳምንቱ ነው። ህሊናን ከመናኸሪያ ያመጣት ናስር ነበር፤ ካወረዳት በኋላም «እኔም የጉዳዩ ምስክር ነኝ» ብሎ ግቢው ውስጥ ቀረ። አበባው ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ሮዛ ጥላ ሥር ተጋድማለች፣ ቡችሎቹ ጡት ጥለው በየፊናቸው ይፈነጫሉ። እማማ ዘነበች ወንበር ቀርቦላቸው አልተቀመጡም።

ህሊና ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «እንግዲህ» አለች፣ «ከስድስቱ ቡችሎች አምስቱ የማክስ ናቸው።»

አበባው እጁን አጨበጨበ። «አላልኩም?»

«ገና አልጨረስኩም ጋሼ አበባው። ስድስተኛው የማክስ ሊሆን አይችልም። አባቱ አይነኬ ነው።»

አበባው ማጨብጨቡን ተወ።

«ድገሚው» አሉ እማማ ዘነበች።

«አባቱ አይነኬ ነው።»

«ጮክ በይ፣ ናስር አልሰማም።»

«ሰምቻለሁ እማማ፣ ወላሂ ሰምቻለሁ!» አለ ናስር። «ምስክርም አልፈልግ።»

እማማ ዘነበች እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ግን ዓይናቸው ቡችሎቹ ላይ ሲያርፍ እልልታውን ረሱት። አለ ማለት ነው። ከስድስቱ በአንዱ ውስጥ፣ እዚሁ እግራቸው ሥር፣ አይነኬ አለ።

«ነጭ ክር ያለበት ነው» አለች ህሊና፣ ቡችሎቹን በዓይኗ እየፈለገች። «ክሮቹስ?»

ውባለም ጣቷን ማፍተልተል ጀመረች። «በልተውታል እህቴ፣ በማግስቱ ሳየው የለም...»

«በልተውታል?» አበባው ተነሣ። «አንቺን አደራ ተብለሽ አልነበረም? ስድስት ቡችላ መጠበቅ ያቅትሽ? ሆን ብለሽ ነው! ከእሳቸው ጋር ተማክረሽ ነው፣ ስልኩንም የደወልሽው አንቺ ነሽ! እኔን ሰው መሳቂያ ለማድረግ...»

«ኧረ በሚካኤል፣ እኔ ምንም...» ውባለም ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እማማ ዘነበች ቢላው አሁንም እጃቸው ላይ ያለ መሰላቸው። ዝም ቢሉ ነገሩ በቡችሎቹ ጥርስ ተሳብቦ ይቀራል። ዝም ቢሉ ግን ውባለም ባላጠፋችው ልትወቀስ ነው።

«ዝም በል አንተ» አሉ። «እሷ አልነካችውም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው።

«ምኑን?» አለ አበባው።

«ክሩን። ስድስቱንም። ማተብ ያሰርክላቸው መስሎኝ ነው። ቢላ አምጥቼ ቆረጥኩና እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ምልክት እንደሆነ ስሰማ ደግሞ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ከመቁረጤ የባሰ ነው። ውቤ፣ አንቺን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅና እንጨርስ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ህሊና ናት። በወረቀቱ አፏን ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። «ይቅርታ እማማ... ጥፋቱ የኔ ነው። እግራቸው ላይ ማሰር ነበረብኝ። እኔም እኮ ማተብ አለኝ፣ እንዴት አላሰብኩትም!» ከዚያ ናስር ተከተለ፣ ውባለምም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። አበባው ብቻ ፊቱን አልፈታም።

«ፎቶ አላነሣሽም?» አላት።

«አንሥቻለሁ።» ስልኳን አሳየችው። ስድስት አንድ ዓይነት ፊቶች ከስድስት ቀለም ክር በላይ አፍጥጠዋል። ክሩ ከሌለ ማን ማን እንደሆነ የወለደቻቸው ሮዛም አትለየው። ህሊና ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች፤ ጣቷን በመስመሩ ላይ አስሄደችና ቆመች። «ጾታቸውን ጽፌያለሁ! ነጭ፣ ሴት። ሴቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ነጭና ቢጫ።»

«ሴት?» አሉ እማማ ዘነበች። ዓይናቸው ወደ ግዙፉ ወንድ ቡችላ ሄደ። ይሄው ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሰበቡ እየመጡ፣ ከአፋቸው ነጥለው ሥጋ ያበሉት! ተደላድሎ ተኝቷል፣ ሆዱ እንደ ከበሮ።

አበባው ይሄኔ ፊቱ በራ። «ታዲያ ቁርጥ አባቱን ነው ሲሉኝ የከረሙት ይሄ የማክስ ልጅ ነዋ! ለካ የኮምቦልቻን ውሻ ሲቀልቡ ነው የባጁት!»

«ልጁን ተሳስቻለሁ» አሉ እማማ ዘነበች። «አባትየውን አልተሳሳትኩም።»

ውባለም ሁለቱን ሴቶች ከመሐል ለይታ አመጣቻቸው። እማማ ዘነበች ጎንበስ ብለው፣ በግራ እጃቸው አንዷን፣ በቀኛቸው አንዷን ይዘው ወደ ፊታቸው አስጠጓቸው። አንደኛዋ የነጠላቸውን ጥለት ነክሳ ጎተተች። ሁለተኛዋ አፍንጫቸውን ላሰች። አይነኬ ሕፃን ሳለ ነካሽ ነበር፤ ግን ደግሞ እሳቸውን ይልስ ነበር። ጆሯቸውን አዩ፤ ገና አልቆመም። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። ሽታቸውን እንኳ አሸተቱ። በማዶ የሚሄድን ሰው የሚለዩ ሴትዮ እዚህ መዳፋቸው ላይ ያለውን ማወቅ አቃታቸው። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፤ ደስም አላላቸውም።

«በሉ እማማ» አለ አበባው፣ አሁን ቸር ሆኖ። «ደንብ ደንብ ነው፣ አልክድም። ከሁለቱ አንዷን ይምረጡና ይውሰዱ። ዕድልዎን ይሞክሩ።»

«ዕድሌን» አሉ እያሰቡ። «ከተሳሳትኩስ?»

«ከተሳሳቱ ያው የማክስ ልጅ ደረሰዎት፤ ምን ከሰሩ? የተሻለ ዘር ነው።»

«የአይነኬ ልጅ ደግሞ ለባለሆቴሉ ትሸጣለች።»

«እንግዲህ እሱን እግዜር ያውቃል።»

እማማ ዘነበች ወደ ህሊና ዞሩ። «ልጄ፣ ለሴቶቹ ንጹሕ ዘር ናቸው የሚል ወረቀት ትጽፊለታለሽ?»

«ለወንዶቹ ለአራቱም እጽፋለሁ። ለሴቶቹ ግን አልችልም እማማ። የትኛዋ እንደሆነች ሳላውቅ እንዴት እፈርማለሁ?»

«እንደገና ይመርመሩላ!» አለ አበባው።

«የመመርመሪያ ዕቃው አልቋል። ሌላ እስኪመጣ አራት፣ አምስት ወር ይፈጃል።»

«አምስት ወር! በአምስት ወር እኮ ጥጃ ያክላሉ፤ ማን ይጠብቀኛል?» አበባው ራሱን አከከ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ ወረቀቱ ይቅር። እማማ አንዷን ይውሰዱ፣ ሌላዋን እኔ ዝም ብዬ...»

«ዝም ብለህ ምን?» አለ ናስር ከአጥሩ ጥግ። «እኔ እኮ እዚህ ነኝ ጋሼ አበባው። የባለሆቴሉም ሹፌር የአክስቴ ልጅ ነው።»

እማማ ዘነበች አበባውን ትክ ብለው አዩት፤ ሒሳቡ ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ሲጻፍ ማንበብ ፊደል አይፈልግም ነበር። ሁለቱንም ቡችሎች ለውባለም አስታቀፉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። አሁን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ስማኝ አበባው። ክሩን በመቁረጤ ጥፋተኛ ነኝ፣ ብያለሁ። ግን የተቆረጠው ላንተም ነው። ከነዚህ ሁለቱ አንዷ የኔ ናት፤ ወረቀቱ ብሏል። የትኛዋ እንደሆነች አንተ አታውቅም፣ እኔ አላውቅም፣ የተማረችውም አታውቅም። አንዷን ብወስድ ግማሽ ልቤ እዚህ ይቀራል፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ያቺኛዋ ትሆን እያልኩ መሞቴ ነው። አንተም የቀረችውን ንጹሕ ናት ብለህ መሸጥ አትችልም፤ ቅልቅል ናት ብትል ማንም አይገዛህም። ስለዚህ ሁለቱንም ነው የምወስድ።»

«ሁለቱንም? እማማ፣ ደንቡ እኮ አንድ ነው!»

«ደንቡ አንድ ነው። አንደኛዋ የደንቡ ናት፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ላንተ ስለማትጠቅም ናት። አራት ወንድ ከነወረቀቱ ቀርቶልሃል፤ ምን ጎደለብህ?»

አበባው ሚስቱን አየ። ውባለም ቡችሎቹን አቅፋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ህሊናን አየ፤ ወረቀቷን እያጠፈች ነው። ናስርን አላየውም፣ ማየት አልፈለገም።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ፣ ቃሉ እንደ ዛገ ብሎን እየከበደው። «ናስር፣ በባጃጅህ አድርስላቸው።»

«ባጃጅ አልፈልግም» አሉ እማማ ዘነበች ብድግ ብለው። «አንተ ነህ የምታመጣልኝ፣ አበባው። ሁለቱንም አቅፈህ፣ በእግርህ፣ በገበያው መሐል አቋርጠህ፣ እኔ ከፊት እየሄድኩ። የማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅህ ካለ ቆም በልና አፍህን ሞልተህ 'አንደኛዋ የአይነኬ ልጅ ናት' በል። የትኛዋ ካሉህ አላውቅም በል፤ አላውቅም ማለት አይገልም። በል ከሚስትህ ተቀበላቸው፣ ተነሥ!»